ከቤተ ልሔም እስከ ቁስቋም፤ ቤተሰብ በመንገድ ላይ



ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው አርባ ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ዘመነ ጽጌ ይባላል። ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙ ጠርቶ፣ ሜዳውና ተራራው በአበባ ያጌጠበት ወቅት በመሆኑ፣ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ መዘምራኑ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ማኅሌተ ጽጌን ሲቆሙ የሚያድሩበት ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ከአበባው ምስጋና ጋር ሰቆቃወ ድንግል የተባለው የልቅሶ ድርሰት አብሮ ይቀርባል። ውጭው አበባ፣ ውስጡ እንባ ነው። በአበባ የተመሰለችው እናት በዚያው ሌሊት ልጇን ታቅፋ በበረሃ ስትንከራተት ትታሰባለች። ጾሙ ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት የሚቈጠር ሳይሆን በፈቃድ የሚጾም ነው፤ ብዙ እናቶች ግን የእመቤታችን የስደቷ ጾም ነው ብለው ከዐዋጁ ሳይለዩ ይጾሙታል። ኅዳር 6 ቀን በቁስቋም በዓል ይፈጸማል።

ስለ ስደቱ ምሥጢር ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። እኛ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ግን ከዚያ ዝቅ ያለውን፣ በየቤታችን የምናውቀውን ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ ከአገር አገር ሲዞር «ቤቴ» የሚለውን ነገር ከወዴት ያገኘዋል? የሚል ነው። አባት በሥራ ዝውውር፣ ወንድ ልጅ በትምህርት፣ ሴት ልጅ በዐረብ አገር እንጀራ ፍለጋ፣ ሌላውም በጦርነትና በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ያልተነሣበት ቤት ከአንባብያን መካከል ይገኛል ብለን አናምንም።

ከአራቱ ወንጌላውያን ታሪኩን የጻፈልን ቅዱስ ማቴዎስ ብቻ ነው፤ እርሱም በሁለተኛው ምዕራፍ በጥቂት ቍጥሮች። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊያስገድል መፈለጉን መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ነገረው፤ ዮሴፍም በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ፤ ንጉሡ እስኪሞት ድረስም በዚያ ተቀመጠ። የት አደሩ? ምን በሉ? ማን በሩን ከፈተላቸው? ወንጌሉ ይህን አይናገርም። ይህን የሞላው የግብፅና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው። ሰሎሜ አብራቸው እንደ ነበረች፣ የስደቱም ዘመን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደ ሆነ የሚነግረን እርሱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ትውፊቱ የቦታ ስም ሰጥቶናል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። መንገድ የወጣ ቤተሰብ ያለፈበትን ሁሉ የሚያስታውሰው በወርና በዓመት ሳይሆን በቦታ ነውና። «ውኃ ያጣንበት ሜዳ»፣ «ያች ደግ ሴት ያሳደረችን መንደር» እያለ ይቈጥራል እንጂ ቀኑን አያስታውስም።

እንደ ትውፊቱ መንገዱ ከቤተ ልሔም ተነሥቶ በጋዛና በሲና በረሃ ሰሜናዊ ዳርቻ አልፎ በፈርማ በኩል ግብፅ ይገባል። ከዚያ ተል ባስጣ ይደርሳል። በዚህች ከተማ ሰዎቹ ፊት ስለ ነሡአቸው ወጥተው ከዛፍ ጥላ ሥር እንዳረፉ፣ ሕፃኑም ውኃ እንዳፈለቀላቸው ይነገራል። ቀጥሎ ወደ ምዕራብ ተሻግረው፣ በኋላ ዘመን የመነኮሳት መኖሪያ የሆነውን የአስቄጥስን በረሃ ባርከው፣ ዛሬ የካይሮ ከተማ አካል ወደ ሆነችው ማታሪያ ይመጣሉ። በማታሪያ የማርያም ዛፍ የሚባል ሾላ እስከ ዛሬ ይታያል። እመቤታችን የልጇን ልብስ ያጠበችበት ውኃ በፈሰሰበት መሬት ላይ በለሳን እንደ በቀለ፣ ያም በለሳን ለቅዱስ ሜሮን ይውል እንደ ነበረ ይተረካል። በአሮጌው ካይሮ፣ አቡ ሰርጋ በሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ያረፉበት ዋሻ አለ። ከዚያ በማዓዲ በጀልባ ተሳፍረው ዐባይን ሽቅብ ወደ ደቡብ ሄዱ። ልብ ላለው አንባቢ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ከእኛ ተራራዎች የወረደው ውኃ በቀዛፊዎቹ ፊት ለፊት ይመጣባቸው ነበር ማለት ነውና።

እነዚህን ማረፊያዎች በተርታ ስናያቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። ትውፊቱ ያቆየልን ቤተ መንግሥት ወይም ትልቅ አዳራሽ አይደለም። ጕድጓድ፣ ምንጭ፣ ዛፍ፣ ዋሻ፣ የጀልባ መሳፈሪያ ነው። ልብስ የታጠበበት ቦታ ነው። ለመንገደኛ እናት ቤት የሚጀምረው የሕፃኑን ልብስ ለማጠብ ያህል ውኃ ካገኘችበት ስፍራ መሆኑን ልጅ ይዛ አገር የቀየረች እናት ሁሉ ትመሰክራለች። ዮሴፍም ጸራቢ ነበር። ጸራቢነት ደግሞ ከመንገድ ጋር የሚስማማ ሙያ ነው፤ ገበሬ መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም፤ ጸራቢ ግን እጁን ይዞ ይሄዳል፤ በር የሚሰበርበት አገር፣ ሞፈር የሚያስፈልግበት መንደር አይጠፋም። ከአረጋዊነቱ ጋር ምን ያህል እንደ ደከመ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከግብፅ ማረፊያዎች ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆዩበት የቁስቋም ተራራ ነው። ቦታው ከካይሮ በስተ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአስዩት አውራጃ ይገኛል፤ ዛሬ ዴር አል ሙሐረቅ የሚባለው የቅብጦች ገዳም ያለበት ነው። በዚያ ስድስት ወር ከዐሥር ቀን ያህል እንደ ኖሩ የግብፅ ትውፊት ይናገራል። ከ385 እስከ 412 እ.ኤ.አ. የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት በነበረው በቴዎፍሎስ ስም የሚታወቀው ድርሳን፣ እመቤታችን ራሷ ለሊቀ ጳጳሳቱ ተገልጣ የስደቷን ነገር እንደ ነገረችው ያትታል፤ ድርሳኑ በግእዝም ይገኛል። የእኛ አገር መነኮሳት ይህን አንብበው ብቻ አልቀሩም። በረሃውን አቋርጠው ሄደው በዚያው ገዳም ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የግብፅ ክርስቲያኖች የጌታን ወደ ግብፅ መግባት የሚያከብሩት በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 24 ቀን በሚውለው ዕለት ሲሆን፣ ከቅዱሱ ቤተሰብ ጉዞ ጋር የተያያዙት የግብፅ በዓላት በ2022 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ስድስት ወር ምን ያህል ነው? ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ነው። ለተሳደደ ቤተሰብ ግን የጎረቤትን ስም ለማወቅ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ ለመለየት፣ የገበያውን ቀን በቃል ለመያዝ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሕፃኑም እንደ ሰውነቱ ሥርዐት በእነዚህ ዓመታት ያድግ ነበር። እዚህ ላይ በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ትንሽ ቆም ቢሉ እንወዳለን። ለእናቱ ስደት የሆነው ዓመት ለልጁ ልጅነቱ ነው። እናትና አባት በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ሻንጣቸውን ሳይፈቱ «ለጊዜው ነው» እያሉ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲኖሩ፣ ልጁ ግን ሌላ የሚያውቀው ቤት የለውም። «ይህ አገርህ አይደለም» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ አገሩ ነው የተባለውን ደግሞ አይቶት ካላወቀ፣ ከሁለቱም ውጭ ይሆናል። ወላጆች አገራቸውን ማሰባቸው የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው የልጁን ልጅነት እንደ ተራ መጠበቂያ ወንበር ማየት ነው።

የኢትዮጵያ ትውፊት ስደቱን በግብፅ አያበቃውም። በጣና ሐይቅ ያለው ጣና ቂርቆስ እመቤታችን ልጇን ይዛ ያረፈችበት እንደ ሆነ ገዳማውያኑ ይተርካሉ፤ የዋልድባም መነኮሳት ገዳማቸው በስደቱ ጊዜ እንደ ተባረከ ይናገራሉ። የታሪክ ተመራማሪ ይህን በራሱ ሚዛን ይመዝነው። እኛን የሚያስደንቀን የአባቶቻችን ልብ ነው። ስለ ተሳደደ ቤተሰብ በሰሙ ጊዜ የጠየቁት «ለምን ወደ እኛ መጡ?» ብለው አልነበረም፤ «በእኛ ዘንድ የት አረፉ?» ብለው ነው እንጂ።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ እኛ ዲያቆናት ከመጽሐፍ በፊት በእግራችን የተማርነው ነገር አለ። የአብነት ተማሪ ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ አንዳንዱም ሳያስፈቅድ ይጠፋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። በማርያም ስም መለመኑ ያለ ነገር አይደለም፤ እርሷም በሰው አገር ከደጅ የቆመች ናትና። ውሻ የሚለቅ አለ፤ የለም ብሎ በሩን የሚዘጋ አለ፤ ከራሷ ልጆች ጉርሻ ቀንሳ የምታካፍል እናት አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው ያችን እናት ከሩቅ ይለያታል፤ እርሷም ድምፁን ትለየዋለች፤ ቀርቶ እንደ ሆነ «ያ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መንደር ለተማሪው ባዕድ አይደለም።

ማደሪያውም ከየኔታ ቤት ዙሪያ በእንጨትና በሣር ያቆማት ጎጆ ናት። ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሄድ ጎጆዋን ይዟት አይሄድም፤ አዲስ ለመጣ ልጅ ይለቅላታል። በጎጆው ግን አንድ የሚገርም ነገር ይደረጋል፤ ተማሪው በወላጅ ያወጣለት ስሙ ሳይሆን በአገሩ ይጠራል። «ላስቴው»፣ «ጎጃሜው»፣ «ሸዌው» ይባላል። በአገሩ ሳለ ማንም በአገሩ ስም ጠርቶት አያውቅም። አገሩን ስም አድርጎ የለበሰው ከአገሩ በወጣ ጊዜ ነው።

ጉዞውም ረጅም ነው። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ ይኬዳል። ድጓ ለማስመስከር ደግሞ ቤተ ልሔም ይኬዳል። ይህች ቤተ ልሔም በይሁዳ ያለችው አይደለችም፤ በጋይንት ያለችው ናት። አባቶቻችን ርቀው ሄደው የተሳለሙትን ወይም በመጽሐፍ ብቻ የሰሙትን ቦታ ስም አምጥተው በራሳቸው ኮረብታ ላይ ተክለውታል። በላሊበላ ወንዙ ዮርዳኖስ ነው፤ ከፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱም አንዱ ጎልጎታ ነው። በአዲስ አበባም በእንጦጦ ተራራ ሥር ቁስቋም አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የቤተሰብን ነገር ይበልጥ የሚነግረን የጎንደሩ ቁስቋም ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ነበሩ። ዐፄ በካፋ በጉዞ ላይ ሳሉ ታመው በቋራ በአንድ ቤት ተኝተው እንደ ነበረ፣ የቤቱም ልጅ እንዳስታመመቻቸው፣ ከዳኑም በኋላ እንዳገቧት ይነገራል፤ ያች ልጅ ምንትዋብ ናት። እንግዲህ የታሪካቸው መጀመሪያ ለታመመ መንገደኛ የተከፈተ በር ነው። ባላቸው ሞተው ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1730 እ.ኤ.አ. በነገሡ ጊዜ፣ እቴጌይቱም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር አስተዳደሩ። በጎንደር የአባቶች ግንብ ሞልቶ ሳለ፣ ከከተማው ወጣ ብለው በተራራ ግርጌ የራሳቸውን ግንብና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስሙንም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት።

ይህን ስም መምረጣቸውን ብዙ ጊዜ አስበነዋል። እቴጌይቱ ናፍቆታቸውን ለመወጣት ቢፈልጉ ግንቡን በትውልድ አገራቸው ስም ሊጠሩት ይችሉ ነበር። ክብራቸውን ለማሳየት ቢፈልጉ ጽዮን ወይም ኢየሩሳሌም ሊሉት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ቤታቸውን የጠሩት አንዲት እናት ከነልጇ በስደት ባረፈችበት ቦታ ስም ነው። ዘውድ የጫኑ ሴት በሠሩት ግንብ ውስጥ ራሳቸውን እንደ እንግዳ ቈጠሩ ማለት ነው። ኋላም የደረሰባቸው ሁሉ ይህን ስም የሚያስታውስ ሆነ፤ በ1755 እ.ኤ.አ. ልጃቸውን ቀበሩ፤ በ1769 እ.ኤ.አ. የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ተገደሉ፤ እርሳቸውም በ1773 እ.ኤ.አ. ዐርፈው በዚያው በቁስቋም ተቀበሩ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ እንደ እንግዳ የተቀበሉት በዚሁ በቁስቋም ነበር። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ይህ ደብር ከጥፋቱ አላመለጠም። ግንቡ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንደገና ታንጾ ኅዳር 6 ቀን ሲመጣ ማኅሌቱ ይቆምበታል።

ግንብ ማሠራት የማይቻለው ቤተሰብስ? የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንድ የምናውቀው ቤተሰብ በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ከተማ ተዛውሯል። እናትየዋ በየተከራዩበት ግቢ መጀመሪያ የምታደርገው ጤና አዳም መትከል ነው። ባል «ከመድረሱ በፊት እንዛወራለን» ይላታል፤ እርሷም «ለሚመጣው ተከራይ ቡና ይሆነዋል» ትለዋለች። በምሥራቁ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል ይሰቀላል፤ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ልጆቹም ከተማው ሲለወጥ የሚጸልዩበት ማእዘን አልተለወጠባቸውም። በወሩ በ21 የጽዋ ማኅበር ያለበትን ቤት ጠይቃ ትገባለች። ሌላው የምታደርገው ደግሞ፣ ብዙ ተዘዋዋሪ ቤተሰብ የሚዘነጋውን፣ ዕድር መመዝገብ ነው። «ነገ ለምንሄድበት አገር የዕድር ገንዘብ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሐዘን ግን የዝውውር ደብዳቤ እስኪደርስ አይጠብቅም። ድንኳን የሚተክልልህ፣ ንፍሮ የሚቀቅልልህ፣ ሬሳህን የሚሸከምልህ ሰው ያለበት ቦታ፣ ተወልደህ ባታድግበትም፣ ከአገርህ አይተናነስም። እኛ በየደብሩ በቀብር ላይ ቆመን ይህን ልዩነት በዐይናችን እናየዋለን።

ይህ ሁሉ የመንገደኛው ድርሻ ነው። የባለ አገሩ ድርሻ ደግሞ ይከብዳል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ፣ እንዲሁም በሌሎች አካባቢዎች በተነሣው ግጭት፣ ስፍር ቍጥር የሌለው ቤተሰብ ከቀዬው ተነሥቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጠለሉት በድንኳን ሳይሆን በዘመድ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ በማያውቁት ሰው ጣራ ሥር ነበር። አበው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ። አባባሉ የሰውን ጠባይ በእውነት ገልጿል፤ የቁስቋም እንግዶች ግን የቆዩት ስድስት ወር ነው። በሁለት ክፍል ቤት ሁለት ቤተሰብ ሲኖር፣ ጤፉ ሲያልቅ፣ ልጆቹ ሲጣሉ፣ መጸዳጃ ቤቱ ሲያጨቃጭቅ የሚኖረው እንግዳ ተቀባይነት ከመጀመሪያው ቀን እግር አጠባ ጋር አይወዳደርም። ይህን የቻሉ ቤቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም።

የመመለስ ነገርም አለ። ሄሮድስ በሞተ ጊዜ መልአኩ ዮሴፍን እንዲመለስ ነገረው። ዮሴፍም ቤተሰቡን ይዞ ወደ እስራኤል አገር መጣ። ይሁን እንጂ በይሁዳ የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ እንደ ነገሠ በሰማ ጊዜ ወደዚያ መሄድን ፈራ። ስለዚህ ቤተሰቡ ሕፃኑ ወደ ተወለደባት ወደ ቤተ ልሔም አልተመለሰም፤ ወደ ገሊላ ወጥቶ በናዝሬት ተቀመጠ። ሰባኪያን ይህን ቍጥር ትንቢቱን ለማስረዳት ይጠቅሱታል፤ ተገቢም ነው። እኛ ግን ከስደት የተመለሰ ሰው ሲያነበው ምን እንደሚሰማው እናስባለን። ከሱዳን መጠለያ፣ ከዐረብ አገር፣ ከአውሮፓ የተመለሰ ሰው ወደ ወጣበት ቤት አይመለስም፤ ቤቱ ሌላ ሰው ይዞታል፣ ወይም ፈርሷል፣ ወይም እናቱ የለችበትም። «ተመለስኩ» ብሎ የሚጀምረው አዲስ ጎረቤት በመተዋወቅ ነው። ዘመዶቹ ደግሞ «አገርህ ገባህ፤ ምን ቀረህ?» ይሉታል፤ ኀዘኑን የሚነግረው ሰው ያጣል። ጌታችን በኋላ የተጠራው በተወለደበት ከተማ ሳይሆን ከመመለስ በኋላ ባደገበት ከተማ፣ ናዝራዊ ተብሎ ነው።

በቅርቡ ታሪካችን እንዲህ ያለውን ጉዞ የንጉሥ ቤተሰብም ቀምሶታል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእቴጌ መነንና ከልጆቻቸው ጋር ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ገዝተው እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በዚያ ተቀመጡ። ልዕልት ፀሐይ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ቤቱን ንጉሡ በ1958 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ የቆሎ ተማሪው ጎጆውን ለሚመጣው እንደሚለቅ ማለት ነው።

እቴጌ መነን ግን የእንግሊዝ ብርድ ስላልተስማማቸው የስደቱን ብዙ ጊዜ ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነው። በዚያ ከጎልጎታ ጣራ በላይ ዴር ሡልጣን አለ፤ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም አለ፤ በዚያ ዘመን የተሰደዱ ብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት በግእዝ የሚቀድስ ካህን ያገኙት በእነዚህ ነበር። እቴጌይቱ በቅዱሳት መካናት እየተዘዋወሩ ስለ አገራቸው ሲጸልዩ፣ በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ሊሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ እቴጌይቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ለኋላ ዘመን የሚሆን አምሳያ ዘውድ ተሠራ። በ1923 ዓ.ም. በንግሣቸው ቀን የጫኑት ዘውድ ግን ዮሴፍ ቤተሰቡን ይዞ በሌሊት ወደ ወጣባት ከተማ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ።